ኪሎ ለመቀነስ ወዴት እንሂድ? ጤና ጣቢያ፣ ጤና ኤክስቴንሽን፣ የሰፈር ስፖርት፣ ጂም ወይስ የግል ክሊኒክ

አዲስ አበባ ውስጥ ኪሎ መቀነስ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ምክር «ጂም ግባ» የሚል ነው። ሁለተኛው በስልኩ ይመጣል። ማቅጠኛ ሻይ፣ ቦርጭ የሚያጠፋ ዱቄት፣ «ከውጭ ያስመጣነው» እንክብል። ከቤቱ አሥር ደቂቃ የማይርቀው ጤና ጣቢያ ግን ለማንም ትዝ አይለውም። ጤና ጣቢያ ለክትባት፣ ለነፍሰ ጡር ክትትልና ለታመመ ሰው ብቻ ነው ብለን ስለምናስብ።

እኔ ይሄ ቅደም ተከተል መገልበጥ አለበት ባይ ነኝ። ክብደት በአንድ ወር ሩጫ የሚያልቅ ጉዳይ አይደለም። የሚለካን፣ በቀጠሮ የሚጠብቀን፣ ስንቀር «ምነው ጠፋህ?» የሚለን ሰው ያስፈልጋል። እሱ ካለ ጂሙም ወኩም ይሠራል። እሱ ከሌለ ግን ብዙ ጊዜ የምናየው ያው ነው፤ ሁለት ወር ወርዶ በስድስተኛው ወር ከነወለዱ መመለስ።

ጉዳዩ የጥቂት ሀብታሞች ጉዳይ ነው የሚል ካለ ደግሞ ቁጥሩን ይመልከት። በ2016 (እ.ኤ.አ.) በተካሄደው የሀገሪቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከመጠን ያለፈ ክብደት ያላቸው ሴቶች 8 በመቶ ደርሰዋል። በ2000 የነበሩት 3 በመቶ ብቻ ናቸው። ከተማ ላይ ደግሞ 21 በመቶ ነው። ከአምስት የከተማ ሴት አንዷ ማለት ነው።

ከመምረጣችን በፊት ግን እንለካ

የት እንደምንሄድ የሚወስነው የት እንዳለን ነው። ስለዚህ ሁለት ልኬት ያዙ።

አንደኛው የክብደትና የቁመት ስሌት (BMI) ነው። ቁመታችሁን በሜትር በራሱ አባዙት፤ ኪሎአችሁን ለውጤቱ አካፍሉት። አንድ ሜትር ከ60 የሆነች፣ 74 ኪሎ የምትመዝን ሴት እንውሰድ። 1.60 በ1.60 ሲባዛ 2.56 ነው። 74 ለ2.56 ሲካፈል 29 ገደማ ይመጣል። በዓለም ጤና ድርጅት መስፈርት ከ25 ጀምሮ ክብደቱ ከመጠን አልፏል ማለት ነው፤ ከ30 ጀምሮ ደግሞ ሕክምና የሚፈልግ ውፍረት ነው።

ሁለተኛው ወገብ ነው፤ እኔ የበለጠ የማምነውም እሱን ነው። የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። ከታችኛው የጎድን አጥንትና ከዳሌ አጥንት ጫፍ መሃል ላይ፣ ሆድ ሳይሳብ፣ ትንፋሽ ወጥቶ ይለካል። ወንድ ከ94፣ ሴት ከ80 ሳንቲ ሜትር ካለፉ የስኳርና የልብ በሽታ አደጋ መጨመር ይጀምራል። ወንድ 102፣ ሴት 88 ሲያልፉ በጣም ይጨምራል። እጅና እግሩ ቀጭን ሆኖ ቦርጩ ብቻ የወጣ ሰው «እኔ ወፍራም አይደለሁም» ብሎ የሚዘናጋው ወገቡን ስለማይለካ ነው።

ሚዛን ከሌላችሁ መንገድ ዳር ሚዛን ይዘው የሚቀመጡትን ልጆች ተጠቀሙ። ትክክል ይሁን አይሁን ብዙ አትጨነቁ። ዋናው በየሳምንቱ ያው ሚዛን፣ ያው ሰዓት፣ ያው ቀለል ያለ ልብስ መሆኑ ነው። ዛሬ ፋርማሲ፣ ነገ ጂም፣ ከነገ ወዲያ መንገድ ላይ ከተመዘናችሁ ግን ሁለት ኪሎ የጨመራችሁም የቀነሳችሁም ይመስላችኋል።

ግቡን ደግሞ ትንሽ አድርጉት። ከላይ ያልናት ሴት 60 ኪሎ መግባት የለባትም። ከክብደቷ 5 በመቶ፣ ማለትም 3.7 ኪሎ ብትቀንስ ግፊቷና ስኳሯ ላይ ለውጥ መታየት ይጀምራል። በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ በቂ ነው። ከዚያ በፍጥነት የሚያወርድ ነገር ሁሉ ጥያቄ ይነሳበት።

ሳይፈልጉና ሳይሞክሩ ኪሎ የቀነሱ ሰዎች ደግሞ ይሄን ጽሑፍ ትተው ዛሬውኑ ይመርመሩ። ቲቢ፣ ስኳር፣ የታይሮይድ ችግር፣ ኤችአይቪ፣ ሌላም ሊሆን ይችላል።

ጤና ጣቢያ

ጥንካሬው ምንድነው? ከመጀመራችሁ በፊት ይለካችኋል። ካርድ አውጥታችሁ ስትገቡ ግፊት፣ ክብደትና ቁመት ይታያል፤ የስኳር ምርመራም ይታዘዛል። ጂም ይሄን አያደርግላችሁም። ግፊታችሁ 180 በ120 መሆኑን ሳታውቁ ትሬድሚል ላይ መውጣት ቀልድ አይደለም። ብዙ ጤና ጣቢያዎች አሁን ለግፊትና ለስኳር ክትትል የተለየ ክፍል አላቸው፤ ቀጠሮ ይሰጣሉ፣ ችግር ካለ ወደ ሆስፒታል ሪፈር ይጽፋሉ።

ክፍያውም ቀላል ነው። የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን አባል ከሆናችሁ ደግሞ ስትታከሙ ከኪስ የሚወጣ ነገር የለም ማለት ይቻላል። መዋጮው በዓመት አንዴ ለቤተሰብ ይከፈላል። ምዝገባው ግን በዓመቱ ውስጥ በተወሰነ ጊዜ ስለሆነ ወረዳችሁን ቀድማችሁ ጠይቁ። «ለማማር መቅጠን እፈልጋለሁ» ቢባል የሚሸፍን መድህን የለም፤ የግፊትና የስኳር ምርመራና ክትትል ግን ሕክምና ነው።

ድክመቱን አልደብቅም። ወረፋ አለ። በተለይ ሰኞ ጠዋት ይጨናነቃል። ባለሙያው ከእናንተ ጋር የሚቆየው ለጥቂት ደቂቃ ነው። «የሥነ ምግብ ክፍል» የሚል ጽሑፍ አይታችሁ ብትገቡ ደግሞ በአብዛኛው ሥራው በምግብ እጥረት የተጎዱ ሕፃናትን ማከም ነው፤ ያ ሥራ ሕይወት የሚያድን ስለሆነ ቅር አይበላችሁ። ለክብደት የተዘጋጀ ረጅም የምክር ፕሮግራም በሁሉም ቦታ አታገኙም።

ስለዚህ ጥያቄውን እናንተ ይዛችሁ ግቡ። «ደከመኝ» ወይም «ወገቤን ያመኛል» ካላችሁ ማስታገሻ ተጽፎላችሁ ትወጣላችሁ። «ክብደቴ ጨምሯል፤ ግፊቴንና ስኳሬን ማወቅ እፈልጋለሁ፤ በየወሩ የሚከታተለኝስ ማን ነው?» ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ። የመጨረሻዋ ጥያቄ ናት ዋናዋ። ብዙ ሰው አይጠይቃትም፤ ስለማይጠይቅም ቀጠሮ ሳይሰጠው ይወጣል።

ጤና ኤክስቴንሽን

እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ። በጣም የተናቀ አማራጭ ነው።

የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ2003 (እ.ኤ.አ.) በገጠር ተጀምሮ በ2009 ወደ ከተማ ገባ። የከተማዎቹ ባለሙያዎች ነርሶች ናቸው። ቤት ለቤት ይዞራሉ። በየደረጃው የተመሠረቱ የቤተሰብ ጤና ቡድኖችም ከጤና ጣቢያ ባለሙያ ጋር አብረው ቤት ድረስ ይመጣሉ። ብዙዎቻችን በር ስታንኳኳ «ደህና ነን፣ ሕፃን የለንም» ብለን እንመልሳታለን። ዓመቱን ሙሉ በነፃ የመጣችውን ባለሙያ በር ላይ መልሰን ለትሬነር እንከፍላለን።

ጥቅሟ ምን እንደሆነ ያየሁት አንዲት ጎረቤታችን ቤት ነው። ሴትየዋ ግፊት አለባቸው፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ኪሎ እንዲቀንሱ ተነግሯቸዋል። እሳቸው ደግሞ «እኔ እኮ ምንም አልበላም!» ይላሉ፤ ሲበሉም ብዙ አይበሉም። ጤና ኤክስቴንሽኗ ግፊታቸውን ለካች፣ ከዚያ ወጥ ቤት ገባችና ባለ 5 ሊትሩን የዘይት ጄሪካን አየች።

«እትዬ፣ ይሄን መቼ ነው የከፈቱት?»

«ኧረ ልጄ፣ ሁለት ሳምንት ይሆነዋል። አለቀ እኮ።»

«ስንት ሰው ነው ቤት ውስጥ?»

«አምስት።»

ተቀመጠችና አሰላችው። 5 ሊትር ለአምስት ሰው፣ ለ14 ቀን። ለአንድ ሰው በቀን ወደ 70 ሚሊ ሊትር፤ አምስት የሾርባ ማንኪያ ገደማ። ዘይት ብቻውን በቀን ወደ 600 ካሎሪ ነው። ሴትየዋ ሽሮና ጎመን ብቻ ነው የሚበሉት፤ ግን ሽሮው ላይ ዘይት ይንሳፈፋል። ያቺ ባለሙያ «እንጀራ ይተዉ» አላለቻቸውም፣ «ሰላጣ ይብሉ»ም አላለችም። ያው ጄሪካን አንድ ወር እንዲቆይ አድርጉ አለቻቸው። ሽንኩርቱ መጀመሪያ በውሃ እንዲቁላላ፣ ዘይቱ በማንኪያ እየተለካ እንዲገባ። ስሌቱን ብትሠሩት የአንድ ሰው ድርሻ በቀን ወደ 300 ካሎሪ ይቀንሳል። የቀረ ምግብ የለም። ባልም ልጆችም አብረው ይቀንሳሉ፣ የቤቱም ወጪ ይቀንሳል።

ይሄን ምክር ማንም ጂም፣ ማንም ውድ ክሊኒክ አይሰጥም። የወጥ ቤታችሁን በር አልፎ የሚገባ ሌላ ባለሙያ የለማ።

ድክመቷስ? የምትዞራቸው ቤቶች ብዙ ናቸው፤ ክትባቱ፣ እናቶቹ፣ ቲቢው፣ የአካባቢ ንጽህናው ሁሉ የእሷ ሥራ ነው። በየሳምንቱ አትመጣም። ጠዋት ወጥቶ ማታ የሚገባ ሰው ጭራሽ አያገኛትም። ዝርዝር የአመጋገብ ዕቅድ የሚፈልግ ውስብስብ ሕመም ካለ ደግሞ ከእሷ በላይ ነው፤ ሪፈር ታደርጋለች። ለመገናኘት ቀላሉ መንገድ ጤና ጣቢያ ሄዶ «የእኛ ብሎክ ጤና ኤክስቴንሽን ማን ናት?» ብሎ ስልኳን መቀበል ነው።

ጾሙን የሚያውቅ ምክር

ይሄን ለብቻው ያነሳሁት ሁሉንም አማራጭ ስትመዝኑ እንደ መለኪያ እንድትይዙት ነው። ከኢንተርኔት የተቀዳ የአመጋገብ ፕሮግራም ጠዋት እንቁላል፣ ቀን ዶሮ፣ ማታ እርጎ ይላችኋል። የኦርቶዶክስ ጾም ግን በዓመት ከ180 ቀን በላይ ነው። ታዲያ ዐቢይ ጾም ሲገባ ፕሮግራሙ ያበቃል፤ ሰውየውም «አልቻልኩም» ብሎ ይተወዋል። እሱ አልቻለም ማለት አይደለም፣ ፕሮግራሙ ነው ያላወቀው።

ጾም ደግሞ በራሱ አያከሳም። እስከ ቀትርና ከዚያ በላይ ቆይቶ ሳምቡሳ፣ ቦምቦሊኖ፣ ፓስታ በዘይትና ለስላሳ መጠጥ ከተከተለ ኪሎ ይጨምራል። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ውስጥ ወደ 8 የሻይ ማንኪያ ስኳር አለ። በቀን አራት ሻይ በሦስት በሦስት ማንኪያ የሚጠጣ ሰው ደግሞ 12 ማንኪያ ገባ። ምስር፣ ክክ፣ አተር፣ ጎመን፣ ካሮት፣ ቀይ ስር ግን ጾሙ የሰጠን ትልቅ ዕድል ናቸው፤ ሳህኑ ላይ ድርሻቸው ከፍ ብሎ እንጀራው ቀነስ ካለ በቂ ነው። ሀገሪቱ በ2022 (እ.ኤ.አ.) የራሷን የአመጋገብ መመሪያ አውጥታለች፤ የሚያማክራችሁ ሰው የኛን ምግብ መሠረት አድርጎ መናገር ካልቻለ ሌላ ሰው ፈልጉ።

ረመዳን ላይ ደግሞ አንድ ጥብቅ ነገር አለ። የስኳር መድኃኒት ወይም ኢንሱሊን የምትወስዱ ከሆነ ከጾሙ በፊት ሐኪም ማየት ግዴታ ነው፤ የመድኃኒቱ ሰዓትና መጠን ካልተስተካከለ ስኳር በድንገት ይወርዳል። ሙሉ ቀን የሚጾም የክርስቲያን ታካሚም እንዲሁ።

የሰፈር ስፖርት

ማስ ስፖርት፣ የኮንዶሚኒየም ግቢ ኤሮቢክስ፣ የትምህርት ቤት ሜዳ፣ የመስቀል አደባባይ ደረጃ። ዋጋው ነፃ ወይም ትንሽ መዋጮ ነው። ከ2018 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ «መንገድ ለሰው» በሚል አንዳንድ እሁዶች መንገዶች ለመኪና ተዘግተው ለእግረኛ ይለቀቃሉ፤ ልጆችን ይዞ ለመውጣት ደስ ይላል።

የዓለም ጤና ድርጅት ምክር በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው። 30 ደቂቃ ፈጠን ያለ ወክ፣ በሳምንት አምስት ቀን። እያወራችሁ መሄድ የምትችሉበት፣ መዝፈን ግን የማትችሉበት ፍጥነት። በተጨማሪ በሳምንት ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያሠራ ነገር። ያንን ደግሞ ወንበር ላይ እየተነሱ በመቀመጥም፣ ግድግዳ ላይ ፑሽ አፕ በመሥራትም መጀመር ይቻላል።

ቡድን ለሴቶች የተለየ ጥቅም አለው። ጎህ ሳይቀድ ብቻዋን የምትወጣ ሴት ለከፋም፣ ውሻም፣ ጨለማም አለባት፤ አራት ሆነው ሲወጡ ይሄ ሁሉ ይቀላል። ቡና አብረው የሚጠጡ ጎረቤታሞች ከቡናው በፊት ግማሽ ሰዓት ቢራመዱ ቡድኑ ተመሠረተ ማለት ነው። ዕድራችሁ ድንኳን የሚያስቀምጥበት ግቢ ካለው እሱም ቦታ ነው።

ጉድለቱ ግልጽ ነው። ከፊት ያለው አሰልጣኝ የማንንም ግፊት አያውቅም። ሃያ ዓመት ቁጭ ብሎ የሠራ የ50 ዓመት ሰው መጀመሪያ ቀኑ ከወጣቶቹ ጋር ዝለል ሲባል ጉልበቱን ይጎዳል ወይም ራሱን ያዞረዋል። ደረት ላይ መጨነቅ፣ ያልተለመደ ትንፋሽ ማጠር ካለ ወዲያው አቁሙና ታዩ። ሌላው፣ ስፖርት ብቻውን ክብደት ብዙ አይቀንስም። አንድ ሰዓት ዘላችሁ ስትመለሱ ሁለት ቢራ ከጠጣችሁ ያቃጠላችሁትን መልሳችሁ ሞላችሁት። ስፖርት ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው የቀነሰው እንዳይመለስ ለማድረግና ለልብ ነው።

ጂም

ጂም መጥፎ አይደለም። ዝናብ አይከለክለውም፣ ጡንቻ ለመገንባት ዕቃ አለ፣ ጎበዝ አሰልጣኝ ያገኘ ሰው አቋሙ ይስተካከላል። ለወጣት፣ ለጤነኛ፣ ገንዘቡ ለማይከብደው ሰው ጥሩ ነው።

ሒሳቡን ግን በወር ሳይሆን በስድስት ወር ሥሩት። ትራንስፖርቱን ጨምሩበት። የሦስት ወር ቅናሽ ከፍለው በሦስተኛው ሳምንት የቀሩ ሰዎችን ሁላችንም እናውቃለን። ጂሙ በቤታችሁ ወይም በመሥሪያ ቤታችሁ መንገድ ላይ ካልሆነ አትመዝገቡ። አሰልጣኙ ስለ ምግብ መናገር ሲጀምር ደግሞ ጆሮአችሁን አቁሙ፤ ቀጥሎ የሚሸጥ ዱቄት ካወጣ ምክሩ ሽያጭ ሆኗል።

የግል ክሊኒክና ሆስፒታል

የሥነ ምግብ ባለሙያ በግል ማየት ውድ ነው፣ ግን ለአንዳንድ ሰው ተገቢ ነው። ስኳር ኖሮባችሁ ኢንሱሊን የምትወስዱ፣ የኩላሊት ወይም የጉበት ችግር ያለባችሁ፣ ነፍሰ ጡር ወይም የምታጠቡ፣ ውፍረቱ በልጅ ላይ የመጣ፣ የክብደትና የቁመት ስሌቱ 35 አልፎ ጉልበት፣ እንቅልፍና ትንፋሽ ላይ ችግር የፈጠረባችሁ ከሆነ በሰፈር ምክር ብቻ አትቆዩ። በጤና ጣቢያ ሪፈር ብትሄዱ ይሻላል። ወጪው ይቀንሳል፣ መረጃችሁም ተመልሶ ወደሚከታተላችሁ ሰው ይመጣል። ስትሄዱ የባለሙያውን ፈቃድ ጠይቁ፤ «ዳይት ኮች» ነኝ ማለትና የሥነ ምግብ ባለሙያ መሆን የተለያዩ ናቸው።

ሻይ፣ እንክብልና መርፌ

ይሄን አማራጭ ብዬ አልቆጥረውም። ግን ብዙ ሰው እየገዛው ስለሆነ ዝም ማለት አልችልም።

ብዙዎቹ ማቅጠኛ ሻዮች የሚያስቀምጥ ቅጠል አለባቸው። ኪሎ የወረደ የሚመስለው ውሃና ሰገራ ስለወጣ ነው፤ ስቡ እንዳለ ነው። ግፊት ያለበት፣ የሚያሸና መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ ፖታሲየሙ ወርዶ ልቡ ሊረበሽ ይችላል። እንክብሎቹ ይብሳሉ። ሲቡትራሚን የሚባል መድኃኒት ድንገተኛ የልብ ሕመምና ስትሮክ አደጋ ስላመጣ በ2010 (እ.ኤ.አ.) አውሮፓም አሜሪካም ከገበያ አውጥተውታል፤ ከዚያ ወዲህ ግን «ተፈጥሯዊ» ተብለው በሚሸጡ የማቅጠኛ ምርቶች ውስጥ ተደብቆ በተደጋጋሚ ተገኝቷል። ማሸጊያው ላይ አይጻፍም።

ሴማግሉታይድ የሚባለው መርፌ (ኦዜምፒክ በሚል ስም የምትሰሙት) እውነተኛ መድኃኒት ነው፣ ይሠራልም። ግን ሐኪም የሚያዝዘው፣ መጠኑ ቀስ እያለ የሚጨምር፣ እስኪከፈት ፍሪጅ ውስጥ መቆየት ያለበት ነው። በሻንጣ የመጣ፣ በቴሌግራም የተሸጠ መርፌ እነዚህን አንዱንም አያሟላም። የዓለም ጤና ድርጅትም በሰኔ 2024 (እ.ኤ.አ.) ስለ ሐሰተኛ ሴማግሉታይድ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ውጭ ያላችሁ ዘመዶች፣ እባካችሁ በሰው አትላኩ። መላክ ከፈለጋችሁ የግፊት መለኪያ ላኩ።

ውጭ ሀገር ላላችሁ

እዚያ የኅብረተሰብ አገልግሎቱ በደንብ የተደራጀ ነው፤ ችግሩ የኛ ሰው አይጠይቅም። አሜሪካ ላላችሁ፣ ስኳር ሊይዛቸው ለተቃረቡ ሰዎች የአንድ ዓመት የመከላከያ ፕሮግራም አለ። መነሻው ውጤቱ በ2002 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ከ3,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ነው። ክብደታቸውን 7 በመቶ እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ ባለሙያ በየጊዜው የተከታተላቸው ሰዎች በስኳር የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀነሰ። ሜትፎርሚን የሚባለው የስኳር እንክብል የተሰጣቸው በ31 በመቶ። ክትትሉ ከእንክብሉ በለጠ። በኋላ ይሄው ሥራ ከሆስፒታል ወጥቶ በዋይኤምሲኤና በመሳሰሉ የሰፈር ማዕከላት በቡድን ይሰጥ ጀመር፤ ሜዲኬርም (የመንግሥቱ የአረጋውያን ጤና መድህን) ከ2018 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ይከፍላል። ሐኪማችሁን ጠይቁ።

እንግሊዝ ያላችሁ ስኳር ወይም ግፊት ካለባችሁ በጂፒ (በሰፈር ሐኪማችሁ) ወይም በፋርማሲ በኩል የሚገባበት የ12 ሳምንት ነፃ የዲጂታል ፕሮግራም አለ። መግቢያው በክብደትና ቁመት ስሌቱ ለብዙኃኑ 30 ሲሆን ለእኛ ለአፍሪካውያን 27.5 ነው። «ገና አልደረስክም» ከተባላችሁ ይሄን ቁጥር አንሱ።

እስራኤል ያላችሁ ጤና ብሪኡት የሚባለውን ድርጅት ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ የተመሠረተው ከኢትዮጵያ በመጡ ሰዎች ላይ ስኳር እየበዛ ስለሄደ ነው። አገር ቤት በእግር እየሄዱ፣ ጥራጥሬ እየበሉ የኖሩ ሰዎች ነጭ ዳቦና ጣፋጭ መጠጥ ውስጥ ገቡ። የድርጅቱ ሥራ በአማርኛ፣ ከማኅበረሰቡ በወጡ ሰዎች ማስተማር ነው። አዲስ አበባም ከዚህ የምትማረው አለ። ሰው የሚሰማው የራሱን ሳህን ለሚያውቅ ነው።

ታዲያ ማን የቱን ይምረጥ?

ቤት የምትውሉ፣ ለቤተሰብ የምታበስሉ ከሆነ ጤና ኤክስቴንሽኗን ያዙ፤ ወክ ከጎረቤት ጋር። የሚለወጠው የአንድ ሰው ምግብ ሳይሆን የቤቱ ድስት ነው። በቅርብ የወለዳችሁም እንዲሁ። ገንፎውና አጥሚቱ በአራስነት የሚገባው ነው፤ ችግሩ ልጁ ዳዴ እያለም ሲቀጥል ነው። የምታጠቡ ከሆነ ዳይት አትጀምሩ፤ ለክትባት ስትሄዱ ስለ ራሳችሁም ጠይቁ።

ቢሮ ውላችሁ ማታ የምትገቡ ከሆነ ጤና ጣቢያ አንድ ጠዋት ፈቃድ ወስዳችሁ ተለኩ። ከዚያ ወይ መንገዳችሁ ላይ ያለ ጂም፣ ወይ ሁለት ፌርማታ ቀድሞ ወርዶ መራመድ። መራመዱን አትናቁት፤ ጠዋትና ማታ ሲደመር ግማሽ ሰዓት ይሞላል።

ወላጆቻችሁ ስድሳ ያለፉ ከሆነ ጂም አታስመዝግቧቸው። በአብዛኛው ግፊትም ስኳርም አብሮ ስላለ ጤና ጣቢያው መጀመሪያ ነው። ደግሞ ክሳት ብቻ ሲሆን ጡንቻም ይሄዳል፤ እንቁላል፣ ምስር፣ ወተት ሳይቀንስባቸው ቀስ ብለው ይንቀሳቀሱ።

ስኳር ወይም ግፊት እንዳለባችሁ የምታውቁ ከሆነ ምርጫ የለም፤ ክትትላችሁ ባለበት ቦታ ንገሩ። ኪሎ ሲቀንስ የመድኃኒቱ መጠንም ሊቀነስ ስለሚገባ በድብቅ የሚሠራ ነገር አይደለም።

ከዚህ ሁሉ ጋር አንድ ነገር ጠብቁ። ሦስት ኪሎ ስትቀንሱ ጎረቤት «ምነው ከሳሽ? ታመሽ ነው እንዴ?» ይላል፣ እናት ደግሞ ጉርሻ ታበዛለች። ቀድማችሁ ንገሯቸው። «ሐኪም ነው ያዘዘኝ» የምትለዋ ቃል እኛ ዘንድ ትሠራለች፤ ጤና ጣቢያ ከሄዳችሁ ደግሞ እውነት ናት።

ነገ ጠዋት የምትሄዱ ከሆነ

የጾም ስኳር የሚለካው ቢያንስ 8 ሰዓት ምንም ሳይበላ ነው፤ ማታ በሁለት ሰዓት እራት በልታችሁ ጠዋት ቡናም ሻይም ሳትቀምሱ ሂዱ፣ ውሃ ይፈቀዳል። 126 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ ከሆነ ምርመራው ይደገማል። ግፊት ከመለካታችሁ በፊት አምስት ደቂቃ ቁጭ በሉ፤ ደረጃ ወጥታችሁ ወዲያው ክንድ መስጠት ቁጥሩን ያሳስተዋል። የመድህን ደብተራችሁን፣ የምትወስዱትን መድኃኒት በሙሉ (የማቅጠኛውንም ጭምር) በፌስታል ያዙ። የወገባችሁን ልክ፣ የዘይት ጄሪካናችሁ የተከፈተበትንና ያለቀበትን ቀን በወረቀት ጻፉ። ቀጠሮ ሳይሰጣችሁ አትውጡ። ካልሰጡ «በወሩ ልምጣ? ማንን ልጠይቅ?» በሉና ስሙን ጻፉ።